ግራው ጎማ እምቢ ያለ ዕለት

ሰው ከአንድ ዕድሜ በኋላ ከድንጋጤ ጨርሶ የተገላገለ ይመስለዋል። በልጅነቱ መብረቅ ያስደነግጠዋል፤ ጎልማሳ ሲሆን ቤት አከራይ ያስደነግጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን «እኔ ደግሞ ያላየሁት ምን ቀረ?» እያለ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በዝግታ መራመድ ይጀምራል። እኔም በቅርቡ እንደዚያ መራመድ ጀምሬ ነበር። ይህን ያየ የቢቸና ሰው ታዲያ ምንም ሳያማክረኝ «ለሽምግልና ደርሷል» ብሎ ፈረደብኝ። የመጀመሪያው ድንጋጤዬ ይኸው ነበር። ለካ ሰው የሚሸመግለው ፀጉሩ ሲሸብት አይደለም፤ ጎረቤቶቹ ሲስማሙ ነው።

ሽምግልና የሄደ ሰው መቼም ያውቀዋል፤ አስታራቂ መልሱን ከቤቱ ሸምድዶ ነው የሚነሣው። ጥያቄው ምን እንደሆነ እዚያ ሲደርስ ይነገረዋል። እኔ በሙያዬ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠሩ ቀይ እስክሪብቶ አነሣባቸዋለሁ። በእኔ ላይ ግን ማን ያንሣብኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አለምነህ የሚባል ጎረቤት አለኝ። አንዲት አሮጌ የገጠር መኪና አለችው፤ ራሱ እየነዳ ያከራያታል። ክትባት ይዘው ወደ ቆላ የሚወርዱ የጤና ሰዎች፣ ማሳ የሚጎበኙ የግብርና ባለሙያዎች፣ ታማሚ የሚያመላልሱ ቤተ ዘመዶች፣ ሁሉም ክረምት ሲገባ እሱን ነው የሚፈልጉት። ምክንያቱም መኪናዋ ባለ ዳብል ዲፈረንሻል ናት፤ ጭቃ ሲመጣ አራቱም ጎማዎቿ ይገፋሉ።

መኪና የማታውቁ እንዳትሰለቹ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅኩት በዚሁ ጣጣ ነው። የእንዲህ ዓይነቷ አሮጌ መኪና የፊት ጎማዎች ዝም ብለው አይገፉም። በእያንዳንዳቸው መሐል የድስት ክዳን የመሰለ ክብ ብረት አለ፤ ሾፌሮቹ ፍሪ ዊል ይሉታል። ወርዳችሁ በእጃችሁ አዙራችሁ ስትቆልፉት ጎማው ውስጥ ካለው ዘንግ ጋር ይያያዝና መግፋት ይጀምራል። ስትፈቱት ጎማው እንደ እንግዳ ዝም ብሎ ይከተላል። ከሁለቱ ጎማዎች መሐል ደግሞ ዲፈረንሻል አለ፤ ቅል የመሰለ፣ ሆዱ ዘይት የተሞላ ብረት ነው። ከሞተር የመጣውን ጉልበት ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለው እሱ ነው። የሚያካፍለው ግን በፍትሕ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጎማ መሬት ጨብጦ ሲታገል ሌላው በባዶ ከተሽከረከረ፣ ጉልበቱን ሁሉ በባዶ ለሚሽከረከረው ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም።

አለምነህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የቱታ ልብሱን ለብሶ መኪናው ሥር ይገባል። የዲፈረንሻሉን ዘይት በሁለት ጣቱ አሽቶ ያየዋል፤ ወተት ከመሰለ፣ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ደፍቶ ይቀይረዋል። ፍሪ ዊሎቹን ፈቶ ያጥባቸዋል፣ ግራሶ ይቀባቸዋል፣ እንዳይደርቁ ወዲያና ወዲህ ያዞራቸዋል። ሚስቱ ስመኝም አብራው ግቢ ውስጥ ትውላለች። ዕቃ የምታቀብለው ይመስለን ነበር። አጥራቸው ቆርቆሮ ስለሆነ ወደ እኛ የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው።

ይህች ስመኝ ክረምቱ ሊገባ ሲል ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከትታ ወደ እናቷ ሄደች። እናቷ ሞጣ አካባቢ ገጠር ናቸው። ምን ሆነች ሲባል አለምነህ አንገቱን ደፍቶ «በመኪናዋ ቀናች» አለን። አመንነው። እንዴት አናምነው? ሰፈሩ መኪናዋን «የስመኝ ጣውንት» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ወራት ሲያልፉ አለምነህ ከሳ፣ ሸሚዙ ተጨማደደ፣ እኛም ተሰበሰብን።

ሦስት ነበርን። አንደኛው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ከመኪና ጋር ያላቸው ዝምድና ከመግባትና ከመውረድ ያላለፈ። ሁለተኛው አቶ ይማም ናቸው፤ የሞጣ ተወላጅ ሆነው ቢቸና ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የስመኝን አባት በሕይወት ሳሉ የሚያውቋቸው። ሦስተኛው አዲሱ ሽማግሌ እኔ ነኝ። የመንገዱን ወሬ አጠያይቀን፣ ሰላም ነው ሲሉን በጠዋት ተነሣን። የሚያደርሰን ማን ይመስላችኋል? ራሱ አለምነህ፣ በራሷ በመኪናዋ።

መንገድ ላይ ንግግር ተከፋፈልን። መሪጌታ በምርቃት ሊከፍቱ፣ አቶ ይማም የሟቹን አባት ስም ሊያነሡ፣ እኔ ደግሞ «መኪና ብረት ናት፤ ብረት ላይ አይቀናም» የሚለውን ላስረዳ። ቆንጆ አድርጌ ነበር ያዘጋጀሁት። ብረት ነፍስ እንደሌለው፣ ትዳር ግን ነፍስ እንዳለው፣ እያልኩ ጉንደ ወይን እስክንደርስ በልቤ ስደጋግመው ነበር። አለምነህ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

ሞጣ ሳንገባ ከዋናው መንገድ ወደ ስመኝ እናት መንደር የሚገነጠል መንገድ አለ። መንገድ ማለቴ በበጋ ነው። ዝናቡ ገና ስላልወጣ ያን ዕለት የተቦካ ጥቁር ጭቃ ነበር፣ ከላዩ ውሃ የተኛበት። አለምነህ መኪናዋን አቁሞ ወረደ። ጎንበስ ብሎ የቀኙን ፍሪ ዊል እንደ ዋዛ አዞረው፤ ቀጭ አለ። ዞሮ ወደ ግራው ሄደ።

ግራው እምቢ አለ።

በእጁ ሞከረ። በጨርቅ ይዞ ሞከረ። ፒንሳ አምጥቶ ሞከረ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ፤ የሰው መርዶ የሰማ ይመስላል እንጂ ብረት የደረቀበት አይመስልም። አቶ ይማም «አንተ፣ በየሳምንቱ የምትቀባው አይደል እንዴ?» አሉት።

«ቀኙንማ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

ከዚያ ተመልሶ ገባና እንዲያው በእልህ ነዳት። አንዱ ተቆልፎ አንዱ ተፈትቶ ሲሆን ዲፈረንሻሉ ምን እንደሚያደርግ ነግሬአችኋለሁ። ከፊት ያለው ጉልበት ሁሉ በተፈታው በኩል በባዶ ሲሽከረከር፣ የኋላ ጎማዎች ጭቃውን ወደ ሰማይ ረጩት፣ መኪናዋም ወገቧ ድረስ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ልክ ምንጣፍ እንደተነጠፈላት። ሽማግሌዎቹም ወረድን። መሪጌታ ነጠላቸውን ሰብስበው በጣም በክብር አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ሁለተኛውን ሲያነሡ ጫማቸው መሬት ውስጥ ቀረ። ሰው ልናስታርቅ የሄድን ሰዎች መንደሩ ስንደርስ ከጉልበታችን በታች አንዳችን ከሌላችን አንለይም ነበር።

የስመኝ እናት ወይዘሮ እናንየ ደጃፍ ላይ ተቀብለው እግራችንን አስታጠቡን። አለምነህ እንደ ወጉ ከአጥር ውጭ ቀረ። ገባን፣ ተቀመጥን፣ መሪጌታ መረቁ። አቶ ይማም የሟቹን ስም ጠሩና ወይዘሮ እናንየ እንባቸውን ጠረጉ። ነገር ሠምሯል አልኩ በልቤ። ተራዬን ይዤ «መቼም መኪና ማለት ብረት ናት…» ብዬ ስጀምር የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ስመኝ ራሷ ወጣች። ይህ በወግ የለም። ልጅቷ ተጠርታ ነው የምትመጣው።

በየተራ ሰላም አለችን። ከዚያ ጭቃችንን አየች።

«መኪናዋን የት ትታችኋት መጣችሁ?» አለች።

«ታች ከጭቃው ውስጥ ናት፣ ልጄ» አሉ አቶ ይማም።

«ግራው እምቢ አላችሁ አይደል?»

ሦስታችንም ተያየን። መሪጌታ ማተባቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ማን ነገራት? ስልክ የደወለ የለም፤ አለምነህ ውጭ ነው።

«ማንም አልነገረኝም» አለች፤ ያሰብነውን አውቃ። «ቀኙን እሱ ነበር የሚሠራው። ግራውን እኔ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ማንም እንዳልነካው አውቃለሁ፤ ኩራቱን አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ እየጠጣ ከርሞ እንዴት ይዙር?»

የብረቱ ንግግሬ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ። በመኪና ቀናች የተባለችው ሴት መኪናዋን ከባሏ እኩል ተካፍላ ስትቀባ የኖረች ናት ማለት ነው። እንግዲህ ለምን ሄደች? ጥያቄው ገና አሁን ተነገረን።

«መምህር» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «በጋ ላይ አለምነህ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ መጥተው ጠይቀውት አልነበረም?»

መጥቼ ነበር። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ከሞት ነው የተረፈው። ሙዝና ጭማቂ ይዘን ሰፈሩ ሁሉ ሄደናል። ያን ሁሉ ሕመም ዝም ብሎ ችሎ መቆየቱን ሰምተን «እንዴት ያለ ቻይ ሰው ነው!» ብለን አድንቀነው ተመልሰናል።

«ችሎ አይደለም የቆየው» አለች ስመኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ። መሬት ላይ ይንከባለላል። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ሁሉ ማደያ የተሰለፉበት ሳምንት ነበር። መኪናዋ ግን ናፍጣዋን ሞልታ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ቆማለች። ቁልፉን ስጠኝ ላድርስህ አልኩት። መንዳት እንደምችል ያውቃል፤ ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ስነዳት እሱ ራሱ እየሳቀ ያየኛል። ከበሩ እንዳላወጣት ብቻ ነው የተከለከልኩት። ቁልፉን ስጠኝ አልኩት። እጁን ጨበጠ። ሾፌር ጥሪልኝ አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ሾፌር ጥሪልኝ አለኝ። ከተማውን ዞሬ ሾፌር አግኝቼ ስመለስ ማቃሰቱን ትቶ ነበር። የሞተ መስሎኝ ጮህኩ። እጁን ፈልቅቀን ነው ቁልፉን ያወጣነው።»

 ወይዘሮ እናንየ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀርተዋል፤ ለካ ለእሳቸውም አልነገረቻቸውም።

«አስታመምኩት» አለች። «ዳነ። ብረት ማንሣት እስኪችል ጠበቅኩት። ከዚያ ወጣሁ። ሞትን ከእኔ ይልቅ ከመረጠ ሰው ጋር እንዴት ነው አንድ ጣራ ሥር የሚታደረው?»

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ። እንደዚህ ግን ገላዬን የወረረኝ የለም። ምክንያቱም ክፉ ሰው አልነበረበትም። አለምነህን አውቀዋለሁ፤ እጁን ያላነሣባት፣ ደመወዝተኛ ባይሆንም ቤቱን ያላስራበ፣ ሰው ሲቸግረው ሌሊትም ቢሆን መኪናውን የሚያስነሣ ሰው ነው። ይኸው ሰው ነው ግቢው ውስጥ ተኝቶ ሞትን እየጠበቀ ቁልፉን የጨበጠው።

መሪጌታ «ጥሩት» አሉ።

አለምነህ ገባ። መሪጌታ የሰሙትን ነገሩትና እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። «እውነት ነው» አለ።

«መንዳት እንደምትችል እያወቅህ?»

«አውቃለሁ መሪጌታ። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀኝ በዚያ ነው። እሷ ነድታ እኔ ጎኗ ተኝቼ ዋናውን መንገድ ሳልፍ… ሚስቱ ጭና አመጣችው እንዳይሉኝ ነው።»

መሪጌታ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ሬሳህንስ ማን ጭኖ ሊያመጣው ነበር?» አሉት።

አለምነህ ጎረምሳ ሳለ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። ተንበረከከ። ምን እንዳለ አልጽፈውም፤ ለእሷ ነው ያለው። ሲጨርስ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋላት። እሷ ወዲያው አልተቀበለችውም። ጓዳ ገብታ አንዲት ትንሽ ካርድ ይዛ ወጣችና ለአቶ ይማም ሰጠቻቸው። መንጃ ፈቃድ ነው። ከነፎቶዋ። እዚህ በከረመችበት ጊዜ ሞጣ ማሠልጠኛ ገብታ ተምራ፣ ተፈትና አውጥታዋለች።

«ገበያ ነበር እኮ የምትይኝ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ እናንየ። ከሁላችን ይልቅ በዚህ የተቆጡ መሰለኝ።

ስመኝ ቁልፉን ተቀበለች። እኛም በረጅሙ ተነፈስን፤ መሪጌታ የዕርቁን ምርቃት መረቁ፣ አቶ ይማም አሚን አሉ፣ ምሳ ቀርቦልን በላን፣ ተነሥተን ወደ ጭቃው ወረድን።

እሷ የእናቷን የሥራ ቀሚስ ለብሳ ግራው ጎማ ሥር ተንበረከከች። የክብ ብረቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታችና ክዳኑን ስታላቅቀው ቀይ ውሃ ወረደ። ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ የቆየ ሽሮ መስሏል። በናፍጣ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ አዲስ ግራሶ ስስ አድርጋ ቀባችው። «ብዙ ከቀቡት ደግሞ ይለግማል» አለችኝ፤ በጣም ቀርቤ ነበር የማየው። መልሳ ገጠመችው። አለምነህ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሲደለድል ቆይቶ ቀና ብሎ አያት። አዞረችው። ቀጭ አለ። ከዚያ እጇን ታጥባ መሪውን ያዘች።

አሁን እንግባ የሚለው ነገር መጣ።

ከዚህ ላይ አንባቢዬ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ። ገና አሁን እኮ ነው አንድን ሰው ሚስቱ እንዳትነዳው ሞትን መምረጡን ሰምተን፣ ራሳችንን ይዘን፣ ገሥጸን የወጣነው። ገሣጮቹ ከመኪናው አጠገብ ቆመን መሬት መሬት አየን። መሪጌታ ወደ ላይ በእግር ቢሄዱ ደስ እንደሚላቸው፣ ምሳው ከብዷቸው እንደነበር ገለጡ። አቶ ይማም መኪናዋ ብትቀልላት ይሻላል አሉ፤ ይህ እንኳ እውነትነት ነበረው። እኔ አንዱን ብቻውን ልተው አልችልም በሚል አብሬ ቆምኩ። ማንን እንደሆነ አልተናገርኩም።

አለምነህ ብቻ ዞሮ የጋቢናውን በር ከፍቶ ከጎኗ ተቀመጠ። በሩን ዘጋ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ግን ዘጋው።

ሞተሩ ተነሣ፣ አራቱም ጎማዎች ነከሱ፣ መኪናዋ ከተኛችበት ምንጣፍ ቀስ ብላ ብድግ አለች። በመስኮቱ የአለምነህ ድምፅ ይሰማናል፤ «አታቁሚ! አታቁሚ! እንዳትቆሚ!» ይላል። አላቆመችም። በጎናችን አልፋ፣ ያለ የሌለውን ጭቃ አልብሳን፣ ጠንካራው መሬት ድረስ ዳገቱን ወጣች። ሽማግሌዎቹ ያንን ዳገት በእግራችን ተከተልናት። 

ወደ ቢቸና ስንመለስ ከኋላ ተደርድረን ተቀመጥን። በጣም ደህና አድርጋ ነው የምትነዳው፤ ምናልባት ከእሱ ረጋ ትላለች። እኛ ግን በየጠመዝማዛው ከፊታችን ያለውን ወንበር እንይዝ ነበር። ከተማው መታየት ሲጀምር አለምነህ መንቆራጠጥ ያዘ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ደክሞሻል… ከዚህ ወዲያ ልያዝልሽ?» አለ።

 ስመኝ ዳር ይዛ አቆመች። ሞተሩ እንደተነሣ ነው፤ እጇ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ። የኋላውን በር እጀታ ስፈልግ ራሴን ያዝኩት፤ ነገሩ እንደገና ሲፈርስ እዚያ መገኘት አልፈለግሁም። አለምነህ ቆርቆሮ ቤቶቹን አየ፣ ሱቆቹን አየ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«አይ» አለ፣ «መስታወትሽን ትንሽ ወደ ውጭ አድርጊው ልልሽ ነው።»

መስታወቱን አስተካክላ ነዳች። ዋናው መንገድ ላይ ስንገባ ሰዉ ቆሞ ማየት ጀመረ። ጫማ ጠራጊዎቹ ብሩሻቸውን አቆሙ፣ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ያሉት እርስ በርስ ተነካኩ። አለምነህ መስኮቱን እስከ ታች አወረደና ክርኑን አውጥቶ አስደገፈው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚያውቀውን ሁሉ በስም እየጠራ «ደህና ዋላችሁ! ደህና ዋላችሁ!» ማለት ያዘ። ላቡ በአንገቱ ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን ሰላምታውን አላቋረጠም።

እኔ ደግሞ ዞር ብዬ ጓደኞቼን ባይ መሪጌታ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አከናንበዋል። «ብርድ ነው» አሉኝ፣ በዚያ ፀሐይ። አቶ ይማም ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ አንዳች ነገር ይፈልጋሉ።

እኔም ሰው ሳያየኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።